ቆዳ በእጅ መቁረጥ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ቆዳ በእጅ መቁረጥ በጣና ሐይቅ ዙሪያ የቆየ ሙያ ነው። ድሮ ለምራን፣ ለጠፍር አልጋ፣ ለስልቻና ለመጽሐፍ ልባስ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ይበልጡን ለቀበቶ፣ ለቦርሳና ለጫማ ነው። ላየው ቀላል ይመስላል። ቆዳ ግን እንደ ጨርቅ አይታዘዝም፤ ይሳባል፣ ይሸሻል፣ ስለቱ ከዶለዶመም ይታኘካል።

በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ቆዳ አንዳንድ ቦታው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ አለንጋ ይወጣዋል። እንዲህ ያለው ቆዳ ከደረቀ በኋላ ቢላ አይገባውም። የሚተለተለው በእርጥቡ ነው።

የገዳማቱ ሥራ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሐይቁ ደሴት ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየ ባለ ሥዕል ወንጌል አለው። ለብራና የሚሆነው በአብዛኛው የፍየል ሌጦ ነው። ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ እንደተወጠረ ይደርቃል። ከመወጠሪያው የሚወርደው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሉኩም ያኔ በቢላ ይወጣል። ከዚያ ዳሩ በወስፌ ይበሳል፣ መስመሩም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰመራል።  የመጽሐፉን የእንጨት ገበታ የሚያለብሰው ድጉስ ከለፋ ቆዳ ይሠራል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ሳይሳሳ ከቀረ ጉብ ይላል። ማዕዘኑም በሰያፍ ይቆረጣል። አንድ አሮጌ ድጉስ ገልጦ ያንን ማዕዘን ያየ ሰው የጣና ባለ እጆች ምን ያህል ጥንቁቆች እንደነበሩ አይጠፋውም።

ሙያው ግን ክብር አልነበረውም። ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ በአዋጁ ብቻ አልቆመም።

ዛሬ ከተማዋ የቆዳ ፋብሪካም አላት። መንገድ ዳር የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎች ግን አሁንም የሚቆርጡት በእጅ ነው። ካተር የሚጠቀም አለ። ያለቀ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ስሎ ቢላ የሚያደርግም አለ፤ እጀታው በጨርቅ ይጠመጠማል። አንዱን አንድ ጠዋት ቆሜ አየሁት። ሦስት አራቴ ይቆርጥና ቢላውን በተገለበጠ የቀበቶ ቁራጭ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ያሸዋል። እስኪዶለዱም አይጠብቅም። ድካሙን የሚያቀልለት ይኼ ነው፤ ጉልበት አይደለም።

ወፍራም ቆዳ በአንድ ጉተታ አይበጠስም። የመጀመሪያው መንገድ ያበጃል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጨርሳሉ። ከሥር ጣውላ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፤ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ስለቱ ወዲያው ይበላሻል። ማስመሪያው የብረት ይሁን፤ የእንጨቱን ቢላው ራሱ ይበላዋል። ክብ ሲቆረጥ ደግሞ የሚዞረው ቆዳው ነው፤ እጅ ቦታውን አይለቅም። ቀበቶ ከጀርባው በኩል ይወጣል፣ የሆዱ ቆዳ ይለጠጣልና።

ማርጠቡ ላይ ግን ባለሙያዎች አይስማሙም። በዕፅ የለፋ ቆዳ በስፖንጅ ረጠብ ሲል ለቢላ ይለሰልሳል። ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋው ብዙም ለውጥ የለውም። አንዳንዶች ልኩን ያዛባል ብለው ጨርሶ አያረጥቡም። ለቀጭን ሥራ እውነታቸውን ይመስለኛል።

ቀጭን ጠፍር ለማውጣት ከሁሉም የሚቀልለው ቢላውን ማቆም ነው። ስለቱ ጣውላ ላይ ይሰካል፣ ከጎኑ ምስማር ይመታል። በመካከል ያለው ክፍተት የጠፍሩ ስፋት ነው። ከዚያ ክብ ቁራጭ ይያዝና ዳሩ ትንሽ ተቀዶ በክፍተቱ ውስጥ ይሳባል፤ ቁራጩ በራሱ እየዞረ ያልቃል። ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ክብ ቁራጭ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከ2 ሜትር በላይ ጠፍር ይወጣል። የአንድ ትንሽ ቦርሳ ጠርዝ ይጠለፍበታል። ጣል የተደረገችው ቁራጭ የምትፈለገው ያኔ ነው።