ናንዩዌ፦ ከተራሮቹ ማዶ የነበረው መንግሥት

ዛሬ ጓንግዶንግ የምትባለው የቻይና ደቡባዊ ጠረፍ በጥንት ዘመን የዩዌ ሕዝቦች አገር ነበረች። ከሰሜኑ የሚለያት «አምስቱ ተራሮች» የሚባለው ሰንሰለት ነው፤ ታሪኳንም በአብዛኛው የወሰነው እርሱ ነው።

ቻይናን መጀመሪያ አንድ ያደረገው የቺን ሥርወ መንግሥት ጦር ወደዚህ ሲዘምት የፈተነው ስንቅ ማድረስ ነበር። በጫካ የመሸጉት ዩዌዎች በሌሊት ጥቃት አዛዡን ቱ ሱዪን ገደሉት። ወደ ሰሜን የሚፈሰውን የሺያንግን ወንዝ ወደ ደቡብ ከሚወርደው ከሊ ጋር የሚያገናኝ ሊንግቹ የተባለ ቦይ ተቆፈረ፤ እህል የጫነ ጀልባ ተራሩን በውኃ አለፈ። ርዝመቱ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬም ውኃ ይወርድበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 አካባቢው በሦስት አውራጃዎች ተከፈለ። ናንሃይ፣ ማለትም «ደቡብ ባሕር»፣ የተባለው አውራጃ መቀመጫ ፓንዩ፣ የአሁኗ ጓንግዦ፣ ነበረች።

ቺን ሲፈርስ ዣኦ ቱኦ የተባለ ሰሜናዊ ሹም የተራራ በሮቹን ዘግቶ በ204 ገደማ የናንዩዌ ንጉሥ ሆነ። በ196 ቺንን የተካው የሃን ሥርወ መንግሥት መልእክተኛ ሉ ጂያ ሲመጣ፣ ዣኦ ቱኦ ጸጉሩን እንደ ዩዌዎች ጠቅልሎ፣ እግሩን አንፈራጦ ተቀበለው። መልእክተኛው የአባቶቹ መቃብር በሰሜን፣ በሃን እጅ መሆኑን አስታወሰው። ያን ጊዜ ተነሥቶ በሥርዓት ተቀመጠ፤ ወዲያውም እኔና ንጉሠ ነገሥታችሁ ማን እንበልጣለን ብሎ ጠየቀ። ትሕትናው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር።

ሰላሙን ያናጋው ብረት ነው። የሃን እቴጌ ሊዩ የብረት መሣሪያ ወደ ደቡብ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ከብትም ቢሆን እንዳይራባ ወንድ ወንዱ ብቻ እንዲሄድ አዘዙ። ዣኦ ቱኦ በ183 ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ የጎረቤቱን የቻንግሻን ግዛት ወጋ። ከእቴጌዪቱ ሞት በኋላ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዌን በሰሜን ያለውን የዣኦ ቱኦን አባቶች መቃብር አስጠግኖ፣ የዣኦ ቱኦን ዘመዶች ሹሞ፣ ሉ ጂያን በ179 ዳግመኛ ላከ። ዣኦ ቱኦም ማዕረጉን ተውኩ ብሎ ጻፈ።

ዣኦ ቱኦ በ137 ሞተ። በኋላ ለሃን መገዛትን የሚፈልጉ ንግሥት እናትና የሚቃወሙ አዛውንት ጠቅላይ ሚኒስትር ተጣሉ፤ ሚኒስትሩ ንግሥቲቱንና የሃን መልእክተኞችን አስገደሉ። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ መርከቦች በ111 ፓንዩ ደረሱ፤ ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ግዛቱም ዘጠኝ አውራጃ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1983 በጓንግዦ ኮረብታ ሥር ለግንባታ ሲቆፈር የዣኦ ቱኦ ተተኪ የሆነው የልጅ ልጁ መቃብር ተገኘ። ንጉሡ 2,291 የጄድ ድንጋይ ቁራጮች በሐር ክር የተሰፉበት ልብስ ለብሷል፤ አብረውት 15 ሰዎች ተቀብረዋል። የአፍሪካ ዝሆን ናቸው የተባሉ አምስት ጥርሶችም ነበሩ፤ ያን ያህል ባሕር እንዴት እንደተሻገሩ ማሰብ ያስደንቃል። በሬሳው ላይ ደግሞ የዘንዶ እጀታ ያለው የወርቅ ማኅተም ተቀምጧል። የተቀረጸበት ማዕረግ ንጉሠ ነገሥት ይላል።