ታውንላንድ ከተማ አይደለም

የባላችሁን ወይ የሚስታችሁን የአየርላንድ ዘር እየፈለጋችሁ "የልደት ምዝገባው ላይ ካሪክ ኦን ሻነን ይላል፣ የከተማው ቤተክርስቲያን መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም" የምትሉ በዛችሁ። እኔም በባለቤቴ ቅድመ አያት ሁለት ወር ለፍቼበታለሁ፣ ስለዚህ አንዴ ልንገራችሁ።

የልደት ምዝገባው ገጽ አናት ላይ ያለው ስም የመዝገቡ ወረዳ ነው እንጂ የተወለደበት ቦታ አይደለም። ወረዳዎቹ የተሰመሩት በድሮው የድሆች መርጃ ሕግ አከላለል ስለሆነ የካውንቲ (የአየርላንድ ክፍለ ሀገር በሉት) ድንበር ምናምን አያውቁም፣ ካሪክ ኦን ሻነን ራሱ ከተማው ሌትሪም ካውንቲ ሆኖ ወረዳው የሻነንን ወንዝ ተሻግሮ ሮስኮመን ካውንቲ ይገባል፣ እናንተ ሌትሪምን ስታምሱ ሰውየው የሮስኮመን ልጅ ሆኖ ቁጭ።

የሚፈለገው ከልደት ቀኑ ጋር በእጅ የተጻፈው ታውንላንድ ነው። በኛ ጎጥ እንደምንለው በሉት፣ አንዳንዱ ሁለት ሶስት ቤት ነው፣ በጠቅላላ ከ60,000 በላይ አለ፣ ሞክሼውም ብዙ ነው (የጸሐፊው እጅ ጽሑፍማ ለብቻው ፈተና ነው)። እሱን ካገኛችሁ በኋላ በየትኛው የካቶሊክ አጥቢያ ስር እንደነበር ታያላችሁ፣ ክርስትናው የተመዘገበው እዛ ነው።

ቁርጡ ነገር፣ የሁሉም ሰው ልደት በመንግስት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው እንደ ፈረንጆቹ። የአጥቢያ መዝገብ ግን እንደየቦታው ነው፣ አንዱ ከ1700ዎቹ አለው፣ ሌላው ከ1850 ወዲህ ብቻ። የስም አጻጻፍማ ተዉት፣ ኬሊና ኦኬሊ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።