በስምምነት የሚፈጸም ፍቺ ምንድን ነው?

በስምምነት የሚፈጸም ፍቺ ባልና ሚስት ትዳራቸው እንዲፈርስ፣ ልጆችና ንብረትም ምን እንደሚሆኑ አስቀድመው ተስማምተው ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅላቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 77 ደንግጎታል፤ አብዛኞቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ከሳሽና ተከሳሽ የለም፤ የፍቺውን ምክንያት የመናገር ግዴታም የለም። ጋብቻው ስድስት ወር ካልሞላው ግን በዚህ መንገድ መፋታት አይቻልም።

ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ጋብቻ አያፈርስም። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ ማፋታት የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ተፈራርመው ቤት ለይተው የሄዱ ሰዎች ጣጣው የሚመጣባቸው ዘግይቶ ነው፤ አንዱ ሲሞት ወይም ቤት ሲሸጥ “ትዳሩ አለ፣ የለም” የሚል ክርክር ይነሳል።

አቤቱታው ሲቀርብ ችሎቱ ሁለቱን ለየብቻ ወይም አንድ ላይ አነጋግሮ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይሞክራል፤ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በውሳኔያቸው ከጸኑ ፈቃዳቸው ነፃ መሆኑን ያረጋግጣል። ስምምነቱ የልጆችን ወይም የአንዱን ተጋቢ ጥቅም የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ያስተካክላል።

ከሁሉም የሚከብደው የስምምነቱ አጻጻፍ ነው። “ቤቱን እኩል እንካፈላለን” የሚል ዓረፍተ ነገር በአፈጻጸም ጊዜ ሌላ ክስ ይወልዳል፦ ይሸጣል ወይስ አንዱ ያስቀረዋል? ግምቱን ማን ያወጣል? እስኪሸጥ ማን ይኖርበታል? የሚሻለው እንዲህ ነው፦ “በካርታ ቁጥር ይህ የተመዘገበውን ቤት ሚስት ታስቀራለች፤ የባልን ድርሻ ይህን ያህል ብር ስምምነቱ በጸደቀ በ60 ቀን ውስጥ ትከፍላለች፤ ባልም በዚያው ቀን የስም ዝውውሩን ይፈርማል።” የባንክ ብድር ካለ ቀሪውን ዕዳ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ባንኩ ግን የዚህ ስምምነት ተዋዋይ ስላልሆነ ብድሩን የፈረመውን ሰው ከመጠየቅ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ችሎት ከመሄዳችሁ በፊት ባንኩን አነጋግሩ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረትም የግል ተብሎ በስሙ ይዘርዘር።

ቀለብ ላይ “አባት እንደ አቅሙ ይረዳል” ብሎ መጻፍ ልጁን መበደል ነው። መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ሕክምና በማን ላይ እንደሆነ በግልጽ ይቀመጥ። ልጁ አብሮት የማይኖረውን ወላጅ የሚያገኝበት ቀንና ሰዓትም እንዲሁ።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አውጥታችሁ ፍቺውን ወረዳ አስመዝግቡ፤ ከዚያ የካርታውንና የሊብሬውን ስም አዛውሩ። ሚስት ሌላ ጋብቻ ለመፈጸም በመርሕ ደረጃ 180 ቀን መጠበቅ አለባት፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን ይህ አይጠበቅባትም።