ሕፃናትን ይዞ ወደ መናፈሻና ወደ ሜዳ መውጣት በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ተብለው የሚጠሩ ሁለት አጎራባች ዞኖች አሉ፤ አንደኛው በአማራ ክልል ሆኖ ደብረ ብርሃንን ማዕከሉ ያደረገ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ያለውና በፍቼ የሚመራው ነው። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው የመጀመሪያውን፣ ማለትም ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነሥቶ በአንድ በኩል እስከ መንዝ ደጋ፣ በሌላ በኩል ገደሉን ወርዶ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚደርሰውን አገር ነው። ጉዳዩም ቤተሰብ ልጆቹን ለማጫወትና ለማናፈስ የት እንደሚወስዳቸው፣ በየትኛው ወቅትና በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚወስዳቸው ነው።

መናፈሻ የሚለው ቃል መነሻው ነፋስ ነው፤ ወጥቶ ነፋስ መቀበያ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ግን ነፋስ ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም፤ ነፋሱ ራሱ በር ድረስ ይመጣል። ዛሬ መናፈሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የታጠረ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ዥዋዥዌና ሸርተቴ የተተከለበት ግቢ ነው። በዚህ መለኪያ ከተሄደ ሰሜን ሸዋ መናፈሻ የበዛበት አካባቢ አይደለም። ልጅ የሚጫወትበት የጋራ መሬት ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ የግጦሹ መስክ፣ ታቦት የሚያድርበት የጥምቀት ሜዳ፣ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና እህል የተነሣለት አውድማ ማንም ሳይሰይማቸው የልጆች መዋያ ሆነው ኖረዋል። አካባቢውን በውል ለመረዳት ከታጠረው ግቢ ይልቅ ካልታጠረው ሜዳ መጀመር ይሻላል።

ሜዳውና የዓመቱ ዙር

በደጋው ኑሮ ጥጃና በግ መጠበቅ የልጅ ድርሻ በመሆኑ ሥራና ጨዋታ አንድ ላይ ይውላሉ። ከብቱ ሲሰማራ እረኞቹ መሬት ቆፍረው ገበጣ ይጫወታሉ፤ ጠጠር ለቅመው ቅልብልቦሽ ይይዛሉ፤ ከጨርቅ የተሠራች ኳስ ያንከባልላሉ። ከመንደር አጠገብ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ፣ እቃቃና ድብብቆሽ ይበረታሉ። በድብብቆሹ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ሲል የሚደበቁት «አልነጋም» እያሉ ይመልሱለታል፤ «ነግቷል» እስኪባል ድረስም ከቦታው አይነሣም። እነዚህ ጨዋታዎች ከመሬትና ከጠጠር በቀር የሚፈልጉት ዕቃ የለም፤ በከተማ መናፈሻ ሸርተቴው ተሰብሮ ሲገኝ ልጆችን የሚያተርፉትም እነርሱ ናቸው።

ከሁሉም ሰፊ ሜዳ የሚጠይቀው የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የተባለችውን ድቡልቡል እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ዳር ለማድረስ የሚደረግ ፍልሚያ ሲሆን፣ ዋነኛ ወቅቱ በታኅሣሥ 29 የልደት በዓል ሰሞን ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በዚያ ቀን ታናሹ ታላቁን በግጥም ቢሸነቁጠው ስለማይቀየምበት ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን ጨዋታው የሚታይ እንጂ የሚገቡበት አይደለም፤ ሩሯ ጠንካራ፣ ዱላውም ብዙ ስለሆነ ተመልካች ቤተሰብ ከሜዳው ዳር ራቅ ብሎ ቢቆም ይበጀዋል።

የዓመቱ ዙር ከልጆች ዕረፍት ጋር አለመገጣጠሙ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ የሚዘጋው በክረምት፣ ሜዳው በጭቃና በውሃ በሚሞላበት፣ ሰማዩም በነጎድጓድና በበረዶ በሚያስፈራበት ወቅት ነው። በነሐሴ 13 የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆችና ጅራፍ የሚያጮሁት እረኞች ይህንኑ ወቅት ለራሳቸው ያደርጉታል እንጂ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አይደለም። ሜዳው የሚያምረው በመስከረም አደይ ሲፈነዳና ሴቶች ልጆች አበባዮሽ እያሉ ሲዞሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ይጀመራል፣ አጨዳውም ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ባለባቸው ወረዳዎች ቀኑ ተቆራርጦ ስለሚዘንብ መውጣት ቢቻልም ውሎው አስተማማኝ አይሆንም። እንግዲህ ለቤተሰብ ሽርሽር የሚቀሩት የመኸር ቅዳሜና እሑዶች፣ የገናና የጥምቀት ሰሞን ናቸው። ጥምቀት በተለይ ሁሉም ሰው ሜዳ የሚወጣበት ቀን በመሆኑ ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው ትልቅ የሜዳ ትዝታ የሚቀረጸው በእርሱ ነው፤ ሕዝቡ ስለሚበዛ ግን ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዞ ወይም ታዝሎ ካልሆነ በቀላሉ ይጠፋል።

በከተማ ውስጥ

ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የተመሠረተች፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ቅርብ ዓመታት ፋብሪካ የበዛባትና በፍጥነት የሰፋች ስትሆን፣ ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችንም ተቀብላለች። ቤት በተሠራ ቁጥር ልጆች ኳስ ይራገጡበት የነበረው ባዶ ቦታ እየጠበበ መሄዱ የማይቀር ነው፤ የቀረው በቤሬሳ ወንዝ ዳርቻ ያለው መስክ፣ የትምህርት ቤት ግቢና ተሽከርካሪ የማይበዛበት የኮብልስቶን መንገድ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው የትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ ሰፊ ነው፣ የታጠረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዛፍ አለው። በዕረፍት ቀን በሩ መዘጋቱ ግን ከማንም በላይ በአቅራቢያው የሚኖረውን ልጅ ይጎዳል፤ በጥበቃና በተወሰነ ሰዓት ቢከፈት አዲስ መናፈሻ ከመሥራት ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑ ግልጽ ነው።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች መከፈታቸው በክልል ከተሞች የሚኖረውን ወላጅ ምኞትም ለውጦታል። ከደብረ ብርሃን ማልዶ የተነሣ ቤተሰብ እነዚህን ጎብኝቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል። በከተማው ውስጥ ግን የመጫወቻ መሣሪያ በብዛት የሚገኘው በሆቴሎችና በካፌዎች አትክልት ቦታ ነው። አገልግሎቱ ነጻ ቢመስልም ወላጅ ቢያንስ ሻይና ለስላሳ ማዘዙ አይቀርም፤ ስለዚህ መጫወቻው በተዘዋዋሪ የሚከፈልበት ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቦታው ለሙሽሮችና ለተመራቂዎች ፎቶ ስለሚፈለግ ልጆች ከሣሩ ላይ ተነሡ መባላቸው የተለመደ ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ ወላጅ ከመፍቀዱ በፊት በእጁ ነካ ነካ ቢያደርገው መልካም ነው። የዥዋዥዌው ሰንሰለት በላይኛው መያዣ በኩል ተበልቶ እንደሆነ፣ የሸርተቴው ቆርቆሮ ጠርዝ ተገልብጦ እንደሆነ፣ ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። የቆርቆሮ ሸርተቴ በደጋ ጠዋት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታየው ከሥሩ ያለው መሬት ነው፤ ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ላይ የተተከለ መጫወቻ ምንም ያህል ቢያምር፣ አሸዋ ወይም ለስላሳ አፈር ላይ ከተተከለው ያረጀ መጫወቻ ይልቅ አደገኛ ነው።

ከከተማ ወጣ ያሉ ቦታዎች

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ለልጅ እግር የሚቻል አቀበት ነው፤ ከላይ ሲታይ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይዘረጋል። እዚያ የደረሰ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ንጉሡ ሳይሆን «ከዚህ ድንጋይ ብወረውር የት ይደርሳል?» ብሎ ነው፤ ገደሉ ዳር የቆመ ወላጅም ጥያቄውን በቀላሉ ባያየው ጥሩ ነው። የአንኮበር ስም በዓለም የአእዋፍ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ በምትገኝና በአካባቢው ስም በተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ ምክንያት ነው። ወፊቱ ከድንጋይና ከሣር ጋር የምትመሳሰል በመሆኗ ዝም ብሎ መቀመጥን ለሚችል ልጅ ጥሩ ፍለጋ ትሆናለች።

ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ገደላማ አገር ላይ የተንጣለለው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ የሚገኙበት የተፈጥሮ ደን ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘር ከዚህ አስወስደው የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ ይነገራል። ልጅ በደን ውስጥ እንደ ሜዳ መሮጥ አይችልም፤ ግን ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ እንጆሪና ቀጋ ሲበስል የሚያየው እዚህ ነው። ፍሬ መልቀምን የሚያውቅ አዋቂ አብሮ ሊኖር ይገባል፤ ሳማን ግን ልጁ ራሱ አንዴ ከነካው በኋላ ማንም አያስተምረውም።

በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ያለው ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውና ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የመኪና መንገድ ዋሻ የሚገኘውም እዚያ ነው። ልጆች በመኪና መስኮት መጀመሪያ የሚያዩት ጭላዳ በብዛት የዚህ መንገድ ዳር ጭላዳ ነው። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር፣ ምግቡም በአብዛኛው ሣር የሆነ የዝንጀሮ ዓይነት ነው፤ ቀን በመስክ ሲግጥ ውሎ ሲመሽ ገደል ውስጥ ያድራል። ሙዝና ብስኩት መወርወር እንስሳውን ከሣሩ አውጥቶ መኪና መንገድ ላይ ያቆመዋል፤ ሕፃን ልጅ በእጁ ምግብ ይዞ ከቀረበው ደግሞ ሊነጥቀውና ሊቧጭረው ይችላል። በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ባለው፣ «የፖርቹጋል ድልድይ» እየተባለ በሚጠራው ቦታ የሚታየው ጭላዳም እንዲሁ ሰው የለመደ ነው። ድልድዩ ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ መደገፊያው ዝቅተኛ ስለሆነ ልጅን ሳይዙ መሻገር ተገቢ አይደለም።

የመንዝ ጓሳ

ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ የሚያደርሰው ወደ ጓሳ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሆነው ይህ ደጋ ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበት የጓሳ ሣር ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቁት እንደኖሩ ይነገራል፤ መሬቱ ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገባበታል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስቱን መሠረት ስላናጋ ሥርዓቱ ተዳከመ፤ ማኅበረሰቡ ግን ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ አስቀጥሎ ዛሬ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ልጅን ይዞ ሊኬድባቸው ከሚገቡ የዞኑ ቦታዎች ቀዳሚው ይህ ነው። ልጁ የሚያየው እንስሳና ሣር ብቻ አይደለም፤ በአጥር ሳይሆን በመንደሮች ስምምነት የተጠበቀ የጋራ መሬት ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር ያለው እንስሳ ሲሆን፣ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጓሳ ነው። ቀበሮው በጠዋትና በአመሻሽ አይጥ ሲያድን ይታያል፤ ቁመቷ ከአዋቂ ሰው የምትበልጥ ጅብራ የተባለች ተክልም አለች። የቤት ውሻ ይዞ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለቀበሮው ትልቁ ሥጋት ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነውና። ቦታው ሩቅ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለሕፃን ይከብዳል፤ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ወይም መሐል ሜዳ ከተማ ማደር ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም ወደ መንዝ የሚሄድ ቤተሰብ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ካለፈ ሰው ጠይቆ ይነሣል።

ብርድ፣ ፀሐይና ስንቅ

በደጋው ላይ ብርድና ፀሐይ አብረው ይሠራሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የቆዳ አቃጣይ ጨረር ስለሚበረታ፣ ቀዝቅዞት ጃኬት የለበሰ ልጅ ፊቱ ተቃጥሎ ሊመለስ ይችላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ተደራራቢ ልብስና በቂ ውሃ ዋነኞቹ ናቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሣሩ በውርጭ ስለሚርስ ሕፃናትን ማውጣት አይመከርም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ስለሚበረታ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከቆላ ለመጡ ልጆች ከፍታው ራሱ ፈተና ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ከወትሮው የበረታ ድካም ከታየ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ስንቁ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ሻይ በፔርሙዝ ቢሆን ይበቃል። መንገደኛ ሁሉ የሚገዛው የደብረ ሲና ቆሎ ግን ለታዳጊ እንጂ ለሕፃን አይሆንም፤ በተለይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ገብስና ለውዝ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ልጆችን ማናፈስ የሚቻለው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ አካባቢው የወባ በመሆኑም ከመጨለሙ በፊት ወደ ቤት መግባትና ሌሊቱን በአጎበር ሥር ማደር ያስፈልጋል። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የወረደ ልጅ ደብረ ሲና ሲደርስ ጋቢውን፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሲመለስ ለጣርማ በር ብርድ እንዳይቸገር ሁለቱም ከሻንጣው በላይ ይቀመጣሉ።