ጎን ለጎን ፋይል የሚጭን ኮድ ከሊኑክስ እስከ ዊንዶውስ

ፋይሎችን አንድ በአንድ ወደ ሰርቨር መጫን የሚያዘገየው የመስመሩ ጥበት ብቻ አይደለም፤ ብዙው ጊዜ የሰርቨሩን መልስ በመጠበቅ ያልፋል። ለዚህ ነው ፕሮግራመሮች ፋይሎችን ጎን ለጎን የሚልኩት፣ ትልቁንም ቆራርጠው የሚጭኑት። የአማዞን የፋይል ማከማቻ አገልግሎት የሆነው ኤስ3 አንድን ፋይል እስከ 10,000 ቁራጭ ድረስ ይቀበላል፤ ከመጨረሻው በቀር ማንኛውም ቁራጭ ከ5 ሜጋባይት ማነስ የለበትም። ይህ ደንብ ለሁሉም አንድ ነው። ጣጣው ያለው ላኪው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሊኑክስ ፎርክ በሚባለው ጥሪ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም እንዳለ ያባዛል። ዊንዶውስ ይህ ጥሪ ስለሌለው አዲሱ ፕሮሰስ (በራሱ ማህደረ ትውስታ የሚሠራ ፕሮግራም) ከባዶ ይነሳል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ዋናውን የኮድ ፋይል እንደገና ያነበዋል፤ ሥራ አስጀማሪው መስመር በዋናው ፕሮግራም ብቻ እንዲሠራ ካልታጠረ ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል። ማክኦኤስ ፎርክ እያለው እንኳ፣ ፓይተን ከ3.8 ጀምሮ እዚያም ከባዶ ማስነሳቱን መርጧል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሥራን ለብዙ ፕሮሰሶች የሚያከፋፍለው የፓይተን ፕሮሰስ ፑል ከ61 በላይ ሠራተኛ ፕሮሰስ አይቀበልም።

ፋይል ለመጫን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሥራው ከስሌት ይልቅ መልስ መጠበቅ ስለሆነ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ይበቃዋል፤ በሦስቱም ላይ ያው ኮድ ይሠራል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ንባቡ ነው። ሁለት ትሬዶች አንድ የተከፈተ ፋይል ከተጋሩ፣ አንዱ ቦታውን ይዞ ሊያነብ ሲል ሌላው የንባቡን ቦታ የሚያሳየውን ጠቋሚ ያንቀሳቅስበታል፤ የተሳሳተ ቁራጭም ይላካል። እያንዳንዱ ትሬድ ፋይሉን ለራሱ ቢከፍት ችግሩ ከነጭራሹ አይነሳም።

የፋይል ስም ጉዳይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይብሳል። ሊኑክስ ላይ የስም ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ስልት 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። የዊንዶውሱ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ የሚቆጥረው በባይት ስላልሆነ 100 ፊደል ያለው ስም እዚያ ይቀመጣል፤ ሊኑክስ ላይ ግን አይፈጠርም። በተቃራኒው «ጭነት 10:30» የተባለ ፋይል ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይከፈታል። ኤንቲኤፍኤስ ግን ከሁለቱ ነጥብ በኋላ ያለውን የተደበቀ ክፍል ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ ለተጠቃሚው የሚታየው «ጭነት 10» የሚል ባዶ ፋይል ነው። በግዕዙ ሁለት ነጥብ «ጭነት 10፡30» ተብሎ ሲጻፍ በሁለቱም ላይ ይሠራል።