ሔሴድ ምንድን ነው? የሻቩዖትን በዓልና የሩትን ታማኝነት ለተማሪዎች ማስተማር

ሔሴድ የዕብራይስጥ ቃል ሲሆን በአንድ የአማርኛ ቃል ሊተረጐም አይችልም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አብዛኛውን ጊዜ «ቸርነት» ወይም «ምሕረት» ተብሎ ይገኛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ግን ከትርጉሙ የሚያስቀሩት ነገር አለ። ቸር ሰው ለማያውቀው መንገደኛም ይሰጣል፤ ምሕረትም ለበደለ ሰው ይደረጋል። ሔሴድ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ዝምድና፣ ቃል ኪዳን ወይም አብሮ የኖሩት ዘመን ስላለ፣ አንዱ ለሌላው ማንም ሳያስገድደው፣ ግዴታው ካለቀበት አልፎ የሚያደርገው በጎ ነገር ነው። ታማኝነት የሚለው ቃላችን የዚህን አንድ ክፍል ይይዛል፤ ነገር ግን ልጆች «ታማኝ» ሲባል የሚሰሙት በአብዛኛው ስለ ገንዘብ ያዥ፣ ስለ አሽከር ወይም ስለ ውሻ ስለሆነ፣ ቃሉ በጆሯቸው ከመታዘዝና ካለመስረቅ ብዙም አይርቅም። ሔሴድን ለማስተማር በአይሁድ የበዓል አቆጣጠር ውስጥ ከሻቩዖት የተሻለ ጊዜ የለም፤ ምክንያቱም በብዙ ምኵራቦች በዚያ በዓል መጽሐፈ ሩት ይነበባል።

ሻቩዖት ማለት «ሳምንታት» ማለት ነው። ስሙ ከሰባት ቁጥር የወጣ በመሆኑ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ግእዙ «ሱባዔ» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው፤ በዕብራይስጥም «መሐላ» የሚለው ቃል በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ይጻፋል። ከፋሲካ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ 49 ቀናት ይቈጠሩና በ50ኛው ቀን በዓሉ ይውላል፤ «በዓለ ኀምሳ» የሚለውን ስም ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ቈጠራው ራሱ በዓሉን ያስረዳዋል። በአይሁድ አቆጣጠር ሲቫን በተባለው ወር በ6ኛው ቀን፣ በእኛ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ይውላል፤ ከእስራኤል ውጭ ብዙዎች ሁለት ቀን ያከብሩታል። የስንዴ መከር በዓል ነው፤ እንደ ረቢዎች ትውፊትም ኦሪት በሲና ተራራ የተሰጠችበት ቀን ነው። በእስራኤል መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ነጭ ለብሰው፣ የአበባ ጕንጕን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ፍራፍሬ የተሞላ ቅርጫት ይዘው ይመጣሉ፤ በየቤቱም የወተትና የአይብ ምግብ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቅርጫቱና አይቡ ብቻ ሆነው ከቀሩ ልጁ የበዓሉን ልብስ እንጂ በዓሉን አላየም።

ሩት በዚህ ቀን የምትነበብበት ምክንያት በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ሩትና አማቷ ኑኃሚን ወደ ቤተ ልሔም የደረሱት የገብስ መከር ሲጀመር ነው፤ ሩት በእርሻው የቆየችውም የገብሱና የስንዴው መከር እስኪያልቅ ነው፤ ይህም ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት ያለው ዘመን ነው። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ልጆች አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በደጋው አገራችን እህል የሚታጨደው ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በእስራኤል ግን ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ስለሆነ ገብሱ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ስንዴውም በግንቦት ይደርሳል። ይህ ካልተነገረ «በግንቦት ምን መከር አለ?» የሚለው የልጁ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ ሳሉ ይህን በዓል «ማእረር» እያሉ ያከብሩት ነበር፤ ማእረር በግእዝ መከር ማለት ነው። እነርሱ ሰባቱን ሳምንታት የሚቈጥሩት ከፋሲካ መጨረሻ ጀምሮ ስለነበር በዓሉ በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ይውል ነበር። ከዚህም በላይ፣ በሌሎች አይሁድ ዘንድ መጽሐፈ ሩት ከኦሪት ተለይቶ ጽሑፋት በሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ በቤተ እስራኤል ቄሶች እጅ ያለው የግእዝ ኦሪት ግን ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን በአንድ ጥራዝ ይይዛል። አያቱ ቄስ የነበሩ ልጅ የሩት ታሪክ በአያቱ ኦሪት ውስጥ እንደ ነበረ ሲሰማ ትምህርቱን ከቤቱ እንደ መጣ ነገር ይቀበለዋል፤ አስተማሪ ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። በረሃብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ የተሰደደች ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በዚያ ቀበረች፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ባዶ እጇን ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለቱ ሞዓባውያት ምራቶቿ ሩትና ዖርፋ ተከተሏት። በመንገድ ላይ ቆማ «ወደ እናቶቻችሁ ቤት ተመለሱ» አለቻቸው፤ ለሞቱት ባሎቻቸውና ለእርሷ ስላደረጉት ሔሴድም መረቀቻቸው። ዖርፋ አልቅሳ፣ አማቷን ስማ ተመለሰች። ሩት ግን ኑኃሚን ወደምትሄድበት እንደምትሄድ፣ በምታድርበት እንደምታድር፣ የኑኃሚን ሕዝብ ሕዝቧ፣ የኑኃሚን አምላክም አምላኳ እንደሚሆን ተናግራ አልለይም አለች። በክፍል ውስጥ ልጆች እዚህ ቦታ ላይ ዖርፋን ሊወቅሷት ይቸኩላሉ። መጽሐፉ ግን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገራትም፤ ከእርሷ የሚጠበቀውን ሁሉ አድርጋለች፣ አማቷም አሰናብታታለች። ሔሴድ የሚታየው ዖርፋ ጥፋተኛ ስላልሆነች ነው፤ መመለስ በደል ቢሆን ኖሮ የሩት አብሮ መሄድ ግዴታን መወጣት ብቻ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ የሩት ቃል በጣም ያማረ በመሆኑ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ይቆማል፤ ልጆቹም ጥቅሱን በቃላቸው ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ግን ታማኝነትን ለሕፃን ለማሳየት ከመሐላው ይልቅ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ትበልጣለች እላለሁ። ሩት ቀኑን ሙሉ የኑኃሚን ባል ዘመድ በሆነው በቦዔዝ እርሻ ላይ ቃርሚያ ስትለቅም ዋለች። በምሳ ሰዓት ቦዔዝ ከአጫጆቹ ጋር አስቀምጦ የተጠበሰ እህል፣ እኛ ቆሎ የምንለውን፣ አቀበላት፤ በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈችም። ማታ የቃረመችውን ወቅታ አንድ ኢፍ ያህል ገብስ፣ ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ፣ ተሸክማ ቤት ስትገባ፣ ከምሳዋ የተረፋትን ያን ቆሎ ደግሞ አውጥታ ለኑኃሚን ሰጠቻት። ገብሱ ለሁለቱም መኖሪያ ነው፤ ያ እፍኝ ቆሎ ግን ሩት ምሳዋን እየበላች እቤት የተቀመጠችውን አሮጊት እንዳልረሳች ይናገራል። ከሰርግ ቤት ለታናሽ እኅቱ ዳቦ በኪሱ ይዞ የገባ ልጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። በዚህ ትምህርት ላይ አስተማሪው ለእያንዳንዱ ልጅ እፍኝ ቆሎ ቢሰጥና «ግማሹን ለማን ትወስዳለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ጮክ ብሎ ማስነገር አያስፈልገውም።

ለከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ስለ ቃርሚያ ሕግ መናገር ይገባል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ስለ ሻቩዖት ሥርዓት ተናግሮ እንደ ጨረሰ ወዲያውኑ የእርሻህን ዳር አትጨርስ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ ተው ይላል። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ ሩት የምትለቅመው ባልነበረ፤ የአንዲት ሴት ታማኝነት በደግ ሕግ ላይ ቆሞ ነው የተሳካው። ቦዔዝ ደግሞ ከሕጉም አለፈ፤ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲጥሉላት አዘዛቸው። በአራተኛው ምዕራፍ ለኑኃሚን ቤት ከቦዔዝ ይልቅ የሚቀርብ ዘመድ ይመጣል። የኑኃሚንን ባል መሬት ለመግዛት ፈቅዶ ነበር፤ ከመሬቱ ጋር ሩትን አግብቶ የሟቹን ባሏን ስም ማስነሣት እንዳለበት ሲሰማ ግን የራሱን ርስት እንዳያበላሽ ፈርቶ ተወው። የዚህ ሰው ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ «እገሌ» ተብሎ ብቻ ተጠርቷል። ስሙንና ርስቱን ለመጠበቅ ብሎ ያፈገፈገ ሰው ያለ ስም መቅረቱን ተማሪዎች ራሳቸው ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ ስለዚህ አስተማሪው ቀድሞ ባይነግራቸው ይሻላል።

ታማኝነትን ስናስተምር ልጁን ልንጎዳው የምንችልበት መንገድም አለ። «ታማኝ ሁን» የሚለውን ቃል ትልቅ ሰው ክፉ ነገርን ለማስደበቅ ይጠቀምበታል፤ ልጅም ጓደኛው ያጠፋውን መደበቅ ታማኝነት ይመስለዋል። የሩት ታማኝነት ግን ለኃያል የተሰጠ አይደለም፤ ለምትከፍላት ነገር ለሌላት መበለት የተሰጠ ነው። በማስፈራራት የተገኘም አይደለም፤ ኑኃሚን ደጋግማ «ተመለሺ» ብላታለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች በግልጽ ቋንቋ፣ ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። ራቢ ዘይራ የተባሉት የጥንት ሊቅ ይህ መጽሐፍ ስለ ንጹሕና ስለ ርኩስ፣ ስለ ተፈቀደና ስለ ተከለከለ የሚናገረው ሕግ እንደሌለ ጠቅሰው፣ የተጻፈው ሔሴድ ለሚያደርጉ ሰዎች ያለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማስተማር ነው ብለዋል፤ እርሳቸውም የሚናገሩት በፈቃድ ስለተደረገ በጎነት ነው።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን ኑኃሚን ቤተ ልሔም ስትደርስ የተናገረችውን ማንበብ ነው። የከተማይቱ ሴቶች «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ሲሉ፣ «ማራ (መራራ ማለት ነው) በሉኝ እንጂ ኑኃሚን አትበሉኝ፤ በሙላት ወጣሁ፣ ባዶዬን ተመለስሁ» ብላ መለሰችላቸው፤ ይህን ስትል ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር። ልጆቹ ሩት በዚያች ሰዓት ምን ተሰምቷት ይሆን ብለው እንዲያስቡ ትቶ ትምህርቱን ማቆም ይቻላል። በሁለተኛው ቀን የመጨረሻው ምዕራፍ ይከፈታል፤ ሩት ቦዔዝን አግብታ የዳዊት አያት የሚሆነውን ኢዮቤድን ወልዳለች፣ ሕፃኑም በኑኃሚን እቅፍ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ንግግር ለኑኃሚን የሚመልሱላት እነዚያው የከተማይቱ ሴቶች ናቸው፦ ይህን ልጅ የወለደችልሽ የምትወድሽ ምራትሽ ናት፣ ከሰባት ወንዶች ልጆችም ትሻልሻለች ይሏታል።