ኮንፈርሜሽን ባያስ ምንድን ነው? ስድብስ ከመቼ ወዲህ ሆነ?

ሰሞኑን አንዱ የላሊበላን ግድግዳ ፎቶ አጉልቶ፣ የመሮውን ጭረት በቀይ ከብቦ ለጠፈና «ይኸው፣ ሰው ነው የጠረበው፤ መላእክት የምትሉት ኮንፈርሜሽን ባያስ ስላለባችሁ ነው» አለ። ምእመናኑ ሳቁበት። እሱ ግን ሳቃቸውን ራሱ ሁለተኛ ማስረጃ አድርጎ መዘገበው። ደሴ ላይ ሳይኮሎጂ ለሚያስተምር ሰው፣ ይህ ቃል በየክርክሩ የስድብ ሥራ ሲሠራ ማየት አንጀት ያሳርራል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትውፊቱን እወቀው። ቀን ሰው ይጠርባል፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ ነው የሚለው። ጠራቢ አልነበረም የሚልህ ሰው ላስታ ውስጥ አታገኝም። የመሮ ጭረት ትውፊቱ እውነት ቢሆንም ይኖራል፣ ባይሆንም ይኖራል፤ በሁለቱም በኩል እኩል የሚጠበቅ ነገር ደግሞ አንዱን ከሌላው አይለይም።   

ኮንፈርሜሽን ባያስ ሌላ ነገር ነው፤ አስቀድመን ላመንነው የሚመቸውን ማስረጃ በቀላሉ ማሳለፍ፣ የማይመቸውን ግን አጥብቆ መፈተሽ ወይም መዘንጋት። የመሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስብ። የሚያውቀው ሰው ሲመጣ «ግባ፣ ግባ» ነው፤ እንግዳውን ግን ቦርሳውን አስከፍቶ፣ ኪሱን ዳብሶ፣ መታወቂያውን ገልብጦ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቻርልስ ሎርድ፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር ያሳተሙት ሙከራ ያሳየው ይህንኑ ነው። የሞት ቅጣትን ለሚደግፉና ለሚቃወሙ 48 ተማሪዎች ሁለት ጥናት ሰጧቸው፤ አንዱ ቅጣቱ ወንጀል ይቀንሳል፣ ሌላው አይቀንስም የሚል። ሁሉም በየወገኑ የተመቸውን ጥናት አሳለፈ፣ ያልተመቸውን ግን እንከን ሲለቅምበት ዋለ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ዘበኛው አልዋሸም። ከእንግዳው ቦርሳ ያወጣው ሴንጢ እውነተኛ ሴንጢ ነው። ጥፋቱ የወዳጁን ቦርሳ አለመክፈቱ ነው። ስለዚህ «ባያስ አለበት» ማለት «የሚለው ሐሰት ነው» ማለት አይደለም። አማኙ ጥናትህን አይቶ «ናሙናው ትንሽ ነው» ካለህ፣ ናሙናው ትንሽ መሆን አለመሆኑን ሂድና ቁጠር እንጂ ስለ ጭንቅላቱ አታውራ። እንዲያውም እንግዳን ጠበቅ አድርጎ መፈተሽ በራሱ ነውር የለበትም። ሃያ ዓመት በሰላም የገባና የወጣ ሰው ዛሬ ከመጣው ጋር እኩል ይፈተሽ የሚል የለም፤ ሳይንቲስቱም ብዙ ማስረጃ የቆመለትን ሐሳብ በአንድ አዲስ ወረቀት አይጥልም። ያ የድሮ ወዳጅ ግን አንድ ቀንስ ቦርሳው ተከፍቶ ያውቃል?

እውነተኛው ባያስ በእኛ አገር የት እንዳለ ልንገርህ። ዝናብ ሲጠፋ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ወሎ ነውና አንዱ ለሌላው አሜን፣ አሚን ይላል። ዘነበ እንበል። ያ ዓመት ሲወራ ይኖራል። ተለምኖ ያልዘነበበት፣ ሳይለመን የዘነበበት፣ ሳይለመን ያልዘነበበት ዓመት ግን ወሬ አይሆንም። አራቱን ሳይቆጥሩ በአንዱ ብቻ መደምደም፣ ይኼ ነው ባያሱ። በዚያ ላይ ሰው ለልመና የሚወጣው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው፤ ነገር ሲከፋ ደግሞ ማንም ምንም ባያደርግ የሚቀጥለው ሳምንት ካለፈው የመሻል ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ ሼህ ሳስረዳ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «አብሽር ልጄ፣ እኛ ሰማዩን ልንፈትነው አይደለም፤ ልንለምን ነው» አሉኝ። ይህ ሽሽት አይደለም። ለእሳቸው ዱዓው ትንበያ ሆኖ አያውቅም፤ ያልተነበየን ሰው ደግሞ ትንበያህ ከሸፈ አትለውም። ቆጠራው የሚሠራው «በዱዓው ምክንያት ዘነበ» ብሎ ለሚምል ሰው ነው።

«አማኝ ማስረጃ አይቀበልም» የሚለው የአንተ ድምዳሜስ በምን ተቆጠረ? የእምቢተኞቹን ስክሪንሹት ሰብስበሃል። ዝም ብለው ሐሳባቸውን የቀየሩት ስክሪንሹት የላቸውም። ጸበልና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብረው አይሄዱም ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የመድኃኒቱን ጥቅም ሐኪሞች ሲናገሩት ቆይተዋል፤ የተለወጠው በሩ ላይ ይዞት የቀረበው ሰው ነው፣ ጸበሉንም ተው አላለም።

የባያሱ መድኃኒትም ቢሆን ተጠንቷል። ሎርድና ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1984 ከኤሊዛቤት ፕሬስተን ጋር ተመለሱበት። «ሚዛናዊ ሁኑ» የተባሉት ተማሪዎች እንደነበሩ ቀሩ። «ይኸው ጥናት በዚሁ አሠራር ተቃራኒ ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እንዲህ ትተቹት ነበር?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ የተነገራቸው ግን ረገብ አሉ። ጭረቱን በቀይ የከበብከው ወንድሜ፣ ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ብታገኘው ኖሮ በመላእክቱ ታምን ነበር?

«ማስረጃ ብታሳየው ይብስበታል» የሚለውንም አልፌው አልሄድም፣ ይኼ ደግሞ ባክፋየር የሚሉት ነው። የ1979ኞቹ ተማሪዎች በአቋማችን ጸናን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለውጡ በፊትና በኋላ ተለክቶ አይደለም። ቶማስ ዉድና ኢታን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ፈትሾ ባክፋየሩን ሊያገኘው አልቻለም ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ እርማቱን በአመዛኙ ተቀብለዋል። የተፈተነው ግን የአሜሪካ ፖለቲከኞች የሚናገሩት ነገር ነው። ውጤቱን ወደ ሃይማኖት ልጎትተው አልደፍርም፤ አንተም አትጎትተው።